የወጪ መጋራት ውልና የዩኒቨርስቲ ተማሪ
መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍና አከፋፈሉ

መግቢያ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፎ ወደ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርስቲ የተመደበ ወጣት፣ በግቢው ከሚሞላቸው ወረቀቶች አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው። ሰልፉ ረጅም፣ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ የተጣደፈ፣ ተማሪውም ለቦታው እንግዳ በመሆኑ ውሉ ሳይነበብ የሚፈረምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሆኖም ይህ ወረቀት ብዙ ወጣቶች ከመንግሥት ጋር የሚገቡት የመጀመሪያው የገንዘብ ውል ሲሆን፣ ውጤቱም ከምረቃ በኋላ ወደ ሥራ ዓለም ይከተላቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውሉ የተመሠረተበትን አሳብ፣ አሳቡ የተወሰደበትን አገር ልምድና በኢትዮጵያ ሁኔታ ሥራ ላይ ሲውል የሚያጋጥመውን ችግር ማብራራት ነው። ጉዳዩ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን የቀረበ ነው። ምክንያቱም ተማሪው ስለ ገንዘቡ ጉዳይ ሰከን ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ገና በትምህርት ቤቱ ሳለ እንጂ በዩኒቨርስቲው በር ላይ ከቆመ በኋላ አይደለም። ለዕቅድ አውጪዎችም ቢሆን ጥያቄው የተዘጋ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲዎች ራስ ገዝ የሚሆኑበት አዋጅ ወጥቶ በቅድሚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ወደዚህ አሠራር ከገባ ወዲህ፣ ከትምህርቱ ወጪ የተማሪው ድርሻ ስንት ይሁን የሚለው ነገር እንደገና መነጋገሪያ ሆኗል።

የድጋፍ ዓይነቶች

መንግሥታት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪን በገንዘብ የሚረዱባቸው መንገዶች በስም ብዙ ቢመስሉም በባሕርይ ጥቂት ናቸው። አንደኛው የማይመለስ ድጎማ ነው። ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ የሚመለስ ብድር ነው። ሦስተኛው ተማሪው እየሠራ እንዲማር የሚያስችል የሥራ ዕድል ነው። አራተኛው ደግሞ ክፍያው ተማሪው ተመርቆ ገቢ እስኪያገኝ ድረስ የሚዘገይበት ሥርዓት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጎን ለጎን የሚታዩባት አገር አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 ለጦር ተመላሾች የወጣው ሕግ መንገዱን ከከፈተ በኋላ፣ የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ድጋፉን ለሰፊው ሕዝብ አደረሰ። ፔል ግራንት ተብሎ በሴናተር ክሌይቦርን ፔል ስም የሚጠራው ድጎማ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጥና የማይመለስ ሲሆን፣ ለ2025 - 2026 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ የቤተሰቡን ገቢ የሚያስረዳ ቅጽ ለመሙላት የሚጨነቁት ለዚሁ ነው። ብድሩ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በተለመደው አሠራር ተማሪው ትምህርቱን ካቆመ ከስድስት ወር በኋላ ክፍያው ይጀመራል። ከተበዳሪዎቹ መካከል ሥራ አግኝቶ የተደላደለም አለ፣ ያላገኘም አለ፤ ቀኑ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

ኢትዮጵያ የመረጠችው አራተኛውን ነው። የተመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል።

ከነፃ ትምህርት ወደ ወጪ መጋራት

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የተቀበለው ያለ ክፍያ ነበር። ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ምግቡና መኝታውም በመንግሥት ይሸፈን ነበር። የተማሪዎቹ ቁጥር አነስተኛ፣ አገሪቱ የተማረ ሰው የምትፈልግበት ጊዜም ስለ ነበር ይህ እንደ ተገቢ ነገር ተቆጥሯል። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ከተጠቃለለ በኋላም የነፃ ትምህርቱ መሠረት አልተናጋም።

በ1956 ዓ.ም. ግን ዛሬ ሊታወስ የሚገባው አንድ ሥርዓት ተጀመረ። ይኸውም የዩኒቨርስቲ አገልግሎት የተባለው ሲሆን፣ ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። በገንዘብ ባይሆንም ከሕዝብ የወሰዱትን በሙያ ይመልሱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ለአገሩ የሚከፍለው ዕዳ አለበት የሚለው አሳብ በ1990ዎቹ የተፈጠረ አይደለም። አዲስ የሆነው ዕዳው በብር መተመኑ ነው።

በደርግ ዘመን መንግሥት የተማሪውን ሙሉ ወጪ መሸፈኑ ቀጠለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርስቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ከአርባ በላይ ደርሷል። ሁለት ዩኒቨርስቲ የሚችለው በጀት አርባውን እንደማይችል ግልጽ ነው። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህን በመገንዘብ፣ የመንግሥት ገንዘብ በቅድሚያ እስከ አሥረኛ ክፍል ላለው አጠቃላይ ትምህርት እንዲውልና ከዚያ በላይ ባሉት ደረጃዎች ወጪን መጋራት እየጨመረ እንዲሄድ አመለከተ።

ከበጀቱ ሌላ የፍትሕ ጥያቄም ነበር። አንደኛ ክፍል ሳይጨርስ ያቋረጠ የገበሬ ልጅ፣ ጨውና ስኳር ሲገዛ በሚከፍለው ግብር በከተማ አድጎ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሆነውን ያስተምራል። ተመራቂው ደግሞ ከትምህርቱ የሚያገኘው ጥቅም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። በሌላ በኩል ክፍያው በመግቢያው በር ላይ ቢጠየቅ፣ የሚመለሰው ያው የገበሬው ልጅ ይሆናል። የሁለቱም ክርክር እውነትነት አለው። ክፍያን ማዘግየት የተፈለገው በሁለቱ መካከል መውጫ ለማግኘት ነው።

የአውስትራሊያ ልምድ

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1974 የዩኒቨርስቲ የትምህርት ክፍያን ሰርዛ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ የተማሪዎች ቁጥር እያደገ በጀቱ አልበቃ ሲል፣ በ1989 አዲስ ሥርዓት ዘረጋች። በአሳቡ ቅርጽ ውስጥ ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ቻፕማን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በሥርዓቱ መሠረት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለአንድ ዓመት ትምህርት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር ይታሰብበት ነበር። በዚያው ጊዜ መክፈል የሚችል 15 በመቶ ቅናሽ ያገኝ ነበር። የማይችል ስሙ በግብር መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ይሰፍርና ትምህርቱን ይቀጥላል። ከተመረቀ በኋላ ዓመታዊ ገቢው 22,000 ዶላር ገደማ፣ ማለትም የአንድ አማካይ ሠራተኛ ገቢ ካልደረሰ፣ ምንም አይከፍልም ነበር። ሲደርስ የሚጠየቀው ከገቢው 1 በመቶ፣ ገቢው ከፍ ሲል 2፣ ከዚያም 3 በመቶ ነበር።

ይህ ከተራ ብድር በምን ይለያል? ተራ ብድር የሚጠይቀው «ቀኑ ደርሷል ወይ?» ብሎ ነው። ይህኛው የሚጠይቀው «ገቢ አለህ ወይ?» ብሎ ነው። የታመመ፣ ሥራ የፈታ፣ ልጅ ለማሳደግ ቤት የዋለች፣ ገቢው እስኪመለስ ድረስ ክፍያው ይቆምለታል። ዋስም መያዣም አያስፈልግም። ሰውየው ቢሞት ቀሪው ዕዳ ለቤተሰቡ አይተላለፍም። የገንዘቡ መጠን ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል እንጂ እንደ ባንክ ብድር እውነተኛ ወለድ አይታሰብበትም።

ሥርዓቱ ከነቀፌታ ነፃ ሆኖ አልቆየም። መጠኑ በየጊዜው ተቀይሯል፤ ክፍያው የሚጀምርበት የገቢ ወለልም አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዋጋ ንረቱ በመባባሱ ዕዳው በአንድ ጊዜ 7.1 በመቶ አድጎ ብዙ ሰው አማረረ። ከዚያም ማስተካከያው ከደመወዝ ዕድገት እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ በ2025 ደግሞ ከነባሩ ዕዳ 20 በመቶው በሕግ ተሰረዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን መሠረቱ፣ ማለትም በገቢ መጠን በግብር መሥሪያ ቤት በኩል መክፈል፣ አልተነካም።

በኢትዮጵያ የተደነገገው

ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ አያያዝም ጥናት አቅርበዋል። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጣ፤ ዝርዝሩም በደንብ ቁጥር 91/1995 ተደነገገ። የኋለኞቹ ሕጎችና መመሪያዎች ብዙ ነገር ቢያሻሽሉም፣ አሠራሩን ለመረዳት የመጀመሪያው ደንብ ጥሩ መነሻ ነው።

ደንቡ የተማሪውን ድርሻ የወሰነው እንደሚከተለው ነበር። ለምግብና ለመኝታ የሚወጣውን ሙሉ ወጪ፣ ለትምህርቱ ከሚወጣው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ይጋራል። ከዚህ የሚነሳ አንድ ነጥብ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይስቱታል። የዕዳው መጠን ለሁሉም እኩል አይደለም። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማር፣ በግቢው ያልተመገበና ያላደረ፣ የሚጋራው የትምህርቱን ድርሻ ብቻ ነው። የምግቡን ገንዘብ በእጁ ወስዶ ውጭ የሚመገበው፣ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት፣ የተቀበለው ገንዘብ ስጦታ ሳይሆን በስሙ የሚመዘገብ ዕዳ ነው። ይህን ሳያውቅ የወር ገንዘቡን እንደ ኪስ ገንዘብ የሚቆጥር ተማሪ ይኖራል።

አከፋፈሉ በምሩቃን ግብር መልክ ሆኖ፣ ከምረቃ በኋላ የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቶ፣ ከወር ገቢ ቢያንስ 10 በመቶ በአሠሪው በኩል እየተቀነሰ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዲገባ ነው። አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ ተፈቅዷል። እንደ መምህርነት የሕዝብ ጥቅም አላቸው ለተባሉ ሙያዎች ደግሞ ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የመክፈል አማራጭ ተከፍቷል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የአንድ ተመራቂ ዕዳ 40,000 ብር፣ ደመወዙ 8,000 ብር ቢሆን፣ በወር 800 ብር እየተቀነሰ በ50 ወር፣ ማለትም በአራት ዓመት ከሁለት ወር ያልቃል። ደመወዙ 5,000 ብር ቢሆን ግን በወር 500 ብር እየተቀነሰ ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጃል። ሁለቱም የሚከፍሉት መቶኛ አንድ ነው። የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ ግን በመቶኛ አይከፈልም፤ ከ8,000 ብር 800 መቀነስና ከ5,000 ብር 500 መቀነስ በቤት ውስጥ የሚሰማው እኩል አይደለም። የአውስትራሊያው ሥርዓት በመጀመሪያ ዘመኑ ከአማካይ ሠራተኛ በታች የሚያገኘውን ጨርሶ ትቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 1 በመቶ መጀመሩ ይህን ልዩነት በመገንዘብ ነበር። አሳቡ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የክፍያው ከገቢ ጋር መያያዝ አብሮ መጥቷል፤ የዝቅተኛ ገቢ ከለላው ግን በመጣበት ጥንካሬ አልመጣም። የደንቡ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአሰባሰብ ችግር

ይህ ዓይነቱ ድጋፍ የሚቆመው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ገቢ በሚያውቅ የግብር ሥርዓት ላይ ነው። አውስትራሊያ ይህ ነበራት። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛውና የትልልቅ ድርጅቶች ተቀጣሪ ደመወዝ ይታወቃል። በአነስተኛ ንግድ የተሰማራ፣ በዘመድ ሱቅ የሚሠራ፣ ከአንድ ጊዜያዊ ሥራ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ተመራቂ ገቢ ግን በመዝገብ አይገኝም። በውጤቱም በትክክል የሚከፍለው ከሁሉ ይልቅ ለመቆጣጠር ቀላል የሆነው ይሆናል፤ እርሱም በአመዛኙ መካከለኛ ደመወዝ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ብድር ስትሰጥ፣ ብድሩን የማስመለሱ ሥራ ለረጅም ጊዜ ደካማ ነበር። ብዙ ተማሪ ገንዘቡን እንደ መንግሥት ችሮታ ይመለከተው ነበር። በ1995 ለዚሁ ሥራ የተለየ ቦርድ በሕግ ተቋቁሞ፣ አሠሪዎች ባለዕዳ ሠራተኛ ሲቀጥሩ እንዲያሳውቁና ከደመወዙ እንዲቀንሱ ግዴታ ተጣለባቸው። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ ለረጅም ጊዜ በብድርና በድጎማ መካከል ያለ መንገድ ሞክራለች። ተማሪው ትምህርቱን በደንብ ካለፈ ከብድሩ እስከ 40 በመቶው ወደማይመለስ ድጎማ ይለወጥለት ነበር። ከ2018 ጀምሮ ግን የቤተሰባቸው ዓመታዊ ገቢ ከ350,000 ራንድ ለማይበልጥ አዲስ ገቢዎች ሙሉ ድጎማ ተደረገ። ይህ ለተማሪው የተሻለ ቢሆንም ሸክሙን መልሶ ወደ በጀቱ የሚያመጣ መሆኑን ዕቅድ አውጪ አይስተውም።

ከአገር የሚወጣው ተመራቂ ሌላው ጥያቄ ነው። አውስትራሊያ ራሷ ይህን ቀዳዳ የደፈነችው ሥርዓቱን ከዘረጋች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ በውጭ የሚኖሩ ባለዕዳዎች በዓለም ዙሪያ ያላቸውን ገቢ አስታውቀው እንዲከፍሉ የሚያስገድደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በኢትዮጵያ ይህን የተካው ሰነድን መያዝ ነው። ተመራቂው ዕዳውን ማጠናቀቁን ወይም አገልግሎቱን መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት ያዳግተዋል። አሠራሩ ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰበውን እንዲከፍል ያስገድደዋል። ነገር ግን አሠሪው ዋናውን ዲግሪ ካላየ አልቀጥርም በሚልበት ቦታ፣ ሥራ ያላገኘውንም አብሮ ይይዛል። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራውን ለማግኘት ደግሞ ዕዳው የያዘበት ወረቀት። በገቢ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ገቢ የሌለውን መተው የባሕርይ ግዴታው በመሆኑ፣ ይህ ነጥብ ደጋግሞ መመርመር ይኖርበታል።

ድጋፉ የማይደርስባቸው ወጪዎች

የወጪ መጋራት ውል በግቢው ያለውን ኑሮ ይሸፍናል እንጂ ተማሪውን ወደ ግቢው አያደርሰውም። ከጎንደር ገጠር ወደ ጅማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የተመደበ ልጅ ለጉዞ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሳሙና፣ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከቤተሰቡ ይመጣል። ለአንድ ገበሬ ይህ ማለት አንዳንዴ በግ፣ አንዳንዴ ከዚያ የበለጠ መሸጥ ነው። ልጃገረዶች ላይ ደግሞ የንጽሕና መጠበቂያ ወጪ ይጨመራል፤ ቤተሰቡ ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ቀድማ እንድትመለስ የምትጠየቀውም ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት።

በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማረውና የግል ኮሌጅ ተማሪው የትምህርቱን ክፍያ ከኪሱ ይሸፍናል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርስቲ ለመግባት ነጥብ ያነሰው ከደካማ ትምህርት ቤት የመጣው ድሃ ልጅ እንደሆነ ሲታሰብ፣ የዘገየው ክፍያ የተሻለ ዕድል ለነበረው፣ የዛሬው ክፍያ ላነሰው ሆኖ ይገኛል።

የመምህሩ ድርሻ

በብዙ የገጠር ቤቶች ዕዳ የሚለው ቃል አራጣንና የተነጠቀ በሬን ያስታውሳል። ልጁ ዩኒቨርስቲ ሲገባ ባለዕዳ እንደሚሆን በወሬ የሰማ አባት ቢሰጋ አይፈረድበትም። መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ ዕዳው በቤተሰቡ መሬትና ከብት ላይ ሳይሆን በተመራቂው የወደፊት ደመወዝ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ቢያስረዳ ትልቅ ሥጋት ያቃልላል። ለተማሪው ደግሞ የሚነገረው ሌላ ነው። የፈረመውን ውል ቅጂ በየዓመቱ እንዲይዝ፣ ያልተጠቀመበት የምግብ ወይም የመኝታ አገልግሎት ተጽፎበት እንደሆነ እንዲያይ፣ ትምህርቱን ቢያቋርጥም እስከዚያ የተጠቀመበት እንደሚታሰብበት እንዲያውቅ ነው።

ዕዳቸውን በአገልግሎት ለመክፈል ለመረጡት መምህራን ራሳቸው ነገሩ ቅርባቸው ነው። አገልግሎቱ የሚቆጠረው በተሠራው ዓመት ሳይሆን በተጻፈው ደብዳቤ ነው ለማለት ይቻላል። አንድ መምህር ሁለት ዓመት በአንድ ወረዳ፣ ሁለት ዓመት በሌላ ክልል ቢያገለግል፣ የቀድሞው ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስረጃውን ካልጻፈለት ወይም ፋይሉ ከጠፋ፣ የሠራው አገልግሎት እንዳልተሠራ ይሆንበታል። ስለዚህ ማስረጃውን መጠየቅ የሚገባው ዝውውሩ በተፈቀደበት ሳምንት እንጂ ዲግሪው ባስፈለገ ዕለት አይደለም።

ለዕቅድ አውጪዎች የቀረው ሥራም በአብዛኛው ከመዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። የተማሪው ስም በውሉ ላይ በአማርኛ፣ በዲግሪው ላይ በላቲን ፊደል፣ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ደግሞ በሌላ አጻጻፍ ሲገኝ፣ ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች አንዳቸውም ሰውየው ያው መሆኑን በራሳቸው ሊያረጋግጡ አይችሉም። ከመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ጀምሮ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥሩ በውሉ ላይ ቢሰፍርና የግብር ከፋይነት ቁጥር ሲያወጣ ሁለቱ ቢያያዙ፣ ተመራቂው የተቀነሰበትን ገንዘብ ለማስረዳት የሦስት ዓመት የደመወዝ ደረሰኝ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ አይመላለስም።